የእጅ ጥበብና የተአምር ትረካ፤ የፊስቱላ ቀዶ ሕክምና ከአላባማ እስከ አዲስ አበባ

በ1966 በኢትዮጵያ የሕክምና መጽሔት ላይ ስለ 600 ፊስቱላዎች ሕክምናና ከጥገናው በኋላ ስለተከተሉ 80 ምጦች አያያዝ የሚያትት ጽሑፍ ታትሞ ነበር (እዚህ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ ጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው)። ጸሐፊዎቹ ዶክተር ሬጂናልድ ሃምሊንና ከጋብቻ በፊት በነበራቸው የቤተሰብ ስም የፈረሙት ባለቤታቸው ዶክተር ካትሪን ነበሩ። ሁለቱ ሐኪሞች አዲስ አበባ የገቡት በ1959 ሲሆን ውላቸው የሦስት ዓመት፣ የተቀጠሩበትም ጉዳይ በልዕልት ፀሐይ መታሰቢያ ሆስፒታል የአዋላጅ ነርሶች ትምህርት ቤት ማቋቋም ነበር። ከዚያ በፊት በተራዘመ ምጥ የመጣ ፊስቱላ በዓይናቸው አይተው አያውቁም። በሰባት ዓመት ውስጥ፣ በሽታውን አይቶ ከማያውቅ ዓይን ተነሥቶ 600 ያህል ፊስቱላ እስከማከም መድረስ ተገቢ ጥያቄ ያስነሣል። ያ ችሎታ ከየት መጣ? በእነማን እጅ አለፈ? በጉዞውስ ላይ ምን ያህል ተለወጠ?

ስለ ፊስቱላ ቀዶ ሕክምና የተጻፈው ጥቂት አይደለም፤ ነገር ግን በአመዛኙ በሁለት ወገን የተከፈለ ነው። አንደኛው የሐኪሞቹ ጽሑፍ ሲሆን ታሪኩን በስም ይቆጥራል። የሲምስ ስፔኩለም፣ የሲምስ አስተኛኘት፣ የማርሺየስ የስብ ድጋፍ፣ የዋልዳይክ ምደባ፣ የጎህ ምደባ እያለ ይዘልቃል። በዚህ አቆጣጠር ሙያ ማለት እያንዳንዱ ቀለበት የአንድ ሐኪም ስም የተቀረጸበት ሰንሰለት ነው። ሁለተኛው ለሰፊው አንባቢ የተዘጋጀው ነው፤ እርሱ ደግሞ እንባና ተአምር ይበዛበታል። ሁለቱም እውነት ይዘዋል። ሁለቱም ግን የሚያደበዝዙት አንድ ጉዳይ አለ፤ ይኸውም ጥበቡ ከአንዱ ወደ ሌላው ሲተላለፍ መካከል ላይ የቆሙት ብዙውን ጊዜ ታካሚዎቹ ራሳቸው መሆናቸው ነው። በዚህ ረገድ አላባማና አዲስ አበባ፣ በሥነ ምግባር ሚዛን የሰማይና የምድር ያህል ቢራራቁም፣ የማይጠበቅ ተመሳሳይነት ይታይባቸዋል።

ጄምስ ማሪዮን ሲምስ ከ1845 እስከ 1849 ባሉት ዓመታት በሞንትጎመሪ፣ አላባማ፣ በመኖሪያ ግቢው ባሠራት ትንሽ ሆስፒታል ውስጥ በባርነት የነበሩ ጥቁር ሴቶችን ደጋግሞ ቀዷል። በስም የጠቀሳቸው ሦስቱን ብቻ ነው፤ አናርካ፣ ቤትሲና ሉሲ። ፈቃድ የተጠየቁት ጌቶቻቸው እንጂ ሴቶቹ አልነበሩም። የኤተር ማደንዘዣ በ1846 በቦስተን በአደባባይ ከታየ በኋላም ቢሆን ለእነርሱ አልተሰጣቸውም። አናርካ የዳነችው ከሠላሳ ያህል ቀዶ ሕክምና በኋላ ነው። በእነዚህ ዓመታት ሲምስ የማንኪያ እጀታ አጥፎ ቁስሉን በግልጽ የሚያሳይ መሣሪያ አበጀ፤ የሐሩን ክር ትቶ በጌጥ ሠሪ የተዘጋጀ ቀጭን የብር ሽቦ መጠቀም ጀመረ፤ ከጥገናው በኋላም በፊኛ ውስጥ የሚቆይ ካቴተር ሠራ። ይህን ሁሉ በ1852 በአንድ የአሜሪካ የሕክምና መጽሔት ላይ አሳተመ። በሕክምና ታሪክ መጻሕፍት የሚነገረውም ይኸው ነው።

ከሞተ በኋላ በ1884 የታተመው የሕይወት ታሪኩ ግን ከመሣሪያዎቹ ይልቅ በሌላ ነገር ይጠቅማል። መጀመሪያ ላይ የከተማው ሐኪሞች ሊመለከቱም ሊያግዙም ይመጡ ነበር። ጥገናው ደጋግሞ ሲከሽፍ አንድ በአንድ ተዉት። ከዚያ በኋላ ሲምስ ሥራውን የቀጠለው ታካሚዎቹን ረዳት አድርጎ ነው። አንዷ በጠረጴዛው ላይ ስትሆን ሌሎቹ ይዘዋትና አግዘውት ማለት ነው። ታሪክ ተመራማሪዋ ዲየርድሬ ኩፐር ኦውንስ በ2017 ባሳተሙት መጽሐፍ እነዚህ ሴቶች እንደ ሙከራ ዕቃ ብቻ ሳይሆን ሙያ እንደጨበጡ ረዳት ነርሶች ሊቆጠሩ ይገባል ሲሉ ተከራክረዋል። ክርክሩ ትክክል ነው፤ በጥንቃቄ ካልተያዘ ግን ግዳጁን የሥልጠና መልክ ሊያለብሰው ይችላል። ማንም አልጠየቃቸውም፤ ማንም አልከፈላቸውም፤ ማንም ሙያቸውን መስክሮ አልጻፈላቸውም። ቁስሉ ሲከፈት የት ላይ መያዝ እንደሚያስፈልግ፣ ካቴተሩ ሲዘጋ በሽተኛዋ ምን እንደሚሰማት፣ ከውስጥም ከውጭም ያወቁ ሰዎች ነበሩ። ሲምስ በ1853 ወደ ኒውዮርክ ሲዛወር ዝናው አብሮት ተጓዘ፤ የእነርሱ እጅ ያወቀው ግን ወረቀት ላይ አልሰፈረም። በ2018 የሲምስ ሐውልት ከኒውዮርክ ሴንትራል ፓርክ ሲነሣ የነበረው ሙግትም በአመዛኙ ስለ ሰውየው ክብር ነበር። ጥበቡ በእነማን እጅ አለፈ የሚለው ጥያቄ ከሐውልቱ ጋር አልተነሣም፤ አልወረደምም።

ሲምስ የመጀመሪያው አለመሆኑም ሊታወስ ይገባል። በ1838 በቨርጂኒያ ጆን ፒተር ሜታወር የተባለ ሐኪም በእርሳስ ሽቦ ፊስቱላ ለመዝጋት በቅቶ ነበር። የእርሱ ስኬት ግን ትምህርት ቤት አልሆነም። ጥበቡ የተስፋፋው በ1855 በኒውዮርክ የሴቶች ሆስፒታል ከተከፈተና ታካሚዎች ያለማቋረጥ መምጣት ከጀመሩ በኋላ ነው። ከሲምስ ጎን ቆሞ የተማረው ቶማስ አዲስ ኤሜት (መካከለኛ ስሙ ለአማርኛ አንባቢ ፈገግታ የሚያጭር ነው) በ1868 ስለ ፊስቱላ አንድ ሙሉ መጽሐፍ እስከ መጻፍ ደረሰ። አንድ ጊዜ የተሳካ ሥራና የሚተላለፍ ሙያ አንድ አይደሉም።

ከዚያ በኋላ የሆነው በዘርፉ ታሪክ ብዙም የማይተኮርበት፣ ግን ከሁሉ ይልቅ ሊመረመር የሚገባው ምዕራፍ ነው። በአውሮፓና በሰሜን አሜሪካ የሆስፒታል ወሊድ ሲስፋፋና በቀዶ ሕክምና ማዋለድ ከአደጋ እየራቀ ሲሄድ፣ በምጥ የሚመጣ ፊስቱላ ብርቅ ሆነ። በሽታው ሲጠፋ ችሎታውም አብሮ ተመናመነ። መጻሕፍቱ በቤተ መጻሕፍት ነበሩ፤ መሣሪያዎቹም በመሣሪያ ሳጥን ውስጥ ነበሩ፤ በመቶ የሚቆጠር ጥገና የሠራ እጅ ግን አልነበረም። ከሕክምና ውጭም ተመሳሳይ ነገር ተመዝግቧል። እንግሊዛዊው የሶሲዮሎጂ ምሁር ሃሪ ኮሊንስ በ1974 ባሳተመው ጥናት አንድ ዓይነት የሌዘር መሣሪያ ለመሥራት የሞከሩ ላቦራቶሪዎችን መርምሮ፣ በታተመ ጽሑፍ ብቻ ተመርኩዞ የተሳካለት እንደሌለ፣ የተሳካላቸው አስቀድሞ ከሠራ ሰው ጋር በአካል የተገናኙት መሆናቸውን አሳይቷል። መሣሪያው በሥርዓት የተለካ ብረትና መስታወት ሆኖ ሳለ ነገሩ እንዲህ ከሆነ፣ በእያንዳንዷ ሴት ላይ መልኩን የሚለዋውጥ ጠባሳ ምን ያህል እንደሚከብድ መገመት አያዳግትም።

ስለዚህ ጥበቡ ታካሚዎች ወዳሉበት ሄደ። ከታላላቅ ማዕከሎቹ አንዱ ካይሮ ነበር። ፕሮፌሰር ናጊብ ማህፉዝ፣ ኋላ የኖቤል ተሸላሚ የሆነው ደራሲ ስሙን ከእርሳቸው የወረሰው አዋላጅ ሐኪም ማለት ነው፣ በቃስር አል-አይኒ ሆስፒታል በብዙ መቶ የሚቆጠሩ ፊስቱላዎችን አክመዋል፤ ጽፈዋል፤ በ1949 ባለ ሦስት ጥራዝ የሥዕል መድበል አሳትመዋል። በጎቲንገን ሃይንሪክ ማርሺየስ በ1928 ከሴቷ ብልት ከንፈር ሥር የሚወሰድ የስብ ድጋፍ በጥገናው ላይ ማልበስን አስተዋውቀዋል። በኦክስፎርድ ቻሳር ሞይር በ1961 መጽሐፋቸውን አወጡ። ሃምሊኖች ወደ ሥራው ሲገቡ የያዙት የእነዚህን ሰዎች ጽሑፍ ነበር። እዚህ ላይ ሰንሰለቱን በአንድ አቅጣጫ፣ ከምዕራብ ወደ አፍሪካ የሚስል ሰው ይሳሳታል። ከአሜሪካ የተነሣው ጥበብ አዲስ አበባ የደረሰው በካይሮ በኩልም ነው፤ ግብፃዊው ሐኪም ደግሞ ያደረጉት ማቀበል ብቻ አልነበረም፤ በራሳቸው ሕሙማን ላይ ፈትነው አሻሽለውታል።

አዲስ አበባ ላይ ጥበቡ ዳግመኛ ተለወጠ። የብር ሽቦው ቀርቶ በሰውነት ውስጥ የሚሟሟ ክር ተተካ። ሲምስ ሴቶቹን በጉልበታቸውና በክርናቸው አንበርክኮ፣ ቆይቶም በጎን አስተኝቶ ይሠራ ነበር፤ በአዲስ አበባ ግን ታካሚዋ በጀርባዋ ተኝታ፣ እግሮቿ ተሰቅለው፣ ጠረጴዛው ወደ ራስጌ በእጅጉ ዘንብሎ፣ በወገብ ማደንዘዣ መሥራት የተለመደ ሆነ። በወገብ የሚሰጠው ማደንዘዣ ርካሽ ነው፤ ውስብስብ መሣሪያ አይፈልግም፤ ታካሚዋም ነቅታ ታወራለች። የሽንት መውጫው ጨርሶ ለጠፋባቸው ሴቶች ሃምሊኖች አዲስ ቱቦ የመሥራትን ዘዴ ቀይሰው በ1969 በብሪትሽ ሜዲካል ጆርናል ላይ አሳተሙ። ይህ በስም የሚቆጠር ስለሆነ ይታወሳል። ከስም ቆጠራው ውጭ የቀረው ግን ምናልባት ከዚህ ይበልጣል።

የፊስቱላን ሥራ የሚያውቅ ሁሉ እንደሚረዳው ጥገናው በቀዶ ሕክምናው ጠረጴዛ ላይ አያልቅም። ካቴተሩ ሁለት ሳምንት ያህል ሳይዘጋ መፍሰስ አለበት። በአንድ ሌሊት ከተዘጋ ፊኛው ይወጠራል፤ ስፌቱ ይተረተራል፤ የሐኪሙ የሁለት ሰዓት ድካም ጎሕ ሳይቀድ ይፈርሳል። ስለዚህ ታካሚዋ ብዙ ውኃ መጠጣት፣ ቱቦው መንጠብጠብ፣ አልጋው መድረቅ አለበት። ይህን በየሰዓቱ የሚያዩት በ1974 በተቋቋመው የአዲስ አበባ ፊስቱላ ሆስፒታል ረዳት ሆነው የሠለጠኑ የቀድሞ ታካሚዎች ናቸው። ራሷ በዚያ አልጋ ላይ የተኛች ሴት የቱቦውን ዝምታ ከሌላው ቀድማ ትሰማለች። አዲስ የመጣችዋ ወጣት ውኃ መጠጣት የምትፈራው ለምን እንደሆነ ማንም ሊያስረዳት አያስፈልግም፤ ለዓመታት ጥቂት በጠጣች ቁጥር ጥቂት ትፈስሳለች ብላ ራሷን በጥም ስትቀጣ ኖራለችና። ይህ ዕውቀት ከአላባማም ከካይሮም በመጽሐፍ አልመጣም። በክፍሉ ውስጥ የተወለደ ነው።

ከእነዚህ ሴቶች መካከል ስማቸው ዓለምን ያዳረሰው ወይዘሮ ማሚቱ ጋሼ ናቸው። በ1960ዎቹ መጀመሪያ፣ ገና በአሥራዎቹ ዕድሜ ሳሉ፣ በመጀመሪያ ምጣቸው ተጎድተው ወደ ልዕልት ፀሐይ ሆስፒታል መጡ። ከታከሙ በኋላ እዚያው ቀሩ። አልጋ አነጠፉ፤ ቆይተውም መሣሪያ ማቀበል ጀመሩ፤ ከዓመታት ትኩረት በኋላ መስፋት፣ በመጨረሻም ሙሉ ጥገና መሥራት ያዙ። ከሌላ አገር ለመማር የሚመጡ ሐኪሞች ከእርሳቸው ጎን ቆመው ተምረዋል። በ1989 ከሃምሊኖች ጋር የእንግሊዝ የቀዶ ሐኪሞች ሮያል ኮሌጅን የወርቅ ሜዳሊያ ተቀብለዋል።

ታሪኩ በሁለት የታወቁ የእንግሊዝኛ መጻሕፍት ይገኛል። አንደኛው ዶክተር ካትሪን ከጆን ሊትል ጋር በ2001 ያሳተሙት፣ «በወንዝ ዳር ያለው ሆስፒታል» ሊባል የሚችለው የሕይወት ታሪካቸው ነው። ሁለተኛው ጋዜጠኞቹ ኒኮላስ ክሪስቶፍና ሸሪል ዉደን በ2009 ያወጡት፣ «የሰማይ እኩሌታ» ማለት የሚቻለው መጽሐፍ ነው። የመጀመሪያው ከሁለተኛው ይሻላል፤ ምክንያቱም ጸሐፊዋ የሚያወሩት ስለ ሥራ ባልደረባ ነው። ሁለተኛው አንባቢን ለማስነሣት የተጻፈ በመሆኑ ክብደቱን የሚያሳርፈው አንድ ንጽጽር ላይ ነው፦ ማንበብ የማትችል ሴት የቀዶ ሕክምና ባለሙያ ሆነች። ንጽጽሩ እውነት ነው፤ አንባቢንም ያስደንቃል። እንደ ማብራሪያ ሲወሰድ ግን ባዶ ነው። ማንበብ አለመቻል ለመስፋት እንቅፋት የሚሆነው መስፋት በንባብ የሚገኝ ሲሆን ብቻ ነው። መርፌ አያያዝን ከገጽ የተማረ ሐኪም በምድር ላይ የለም፤ የቀዶ ሐኪሞች የጥንት አባባልም «አንድ እይ፣ አንድ ሥራ፣ አንድ አስተምር» እንጂ «አንድ አንብብ» አይልም።

የተአምር ትረካ ዋነኛ ጉዳቱ ሰውን ማጋነኑ አይደለም። ተአምር ሊደገም የማይችል በመሆኑ አንባቢው አድንቆ መጽሐፉን ይዘጋል፤ ይህ የሆነው በምን ሁኔታ ነው ብሎ አይጠይቅም። ሁኔታዎቹ ግን ሊነገሩ የሚችሉ ናቸው። አንድ ዓይነት ጉዳት ያላቸው ታካሚዎች በየቀኑ፣ ለዓመታት መጡ። የመጡት ሰዎች የሚሠራውን እጅ በቅርብ ለማየት በቂ ጊዜ ነበር። መርፌውን አሳልፎ ለመስጠት የደፈረ መምህር ነበር። ከሁሉም በላይ ደግሞ ውጤቱ አይደበቅም ነበር። ፊስቱላ ከተዘጋ አልጋው ደረቅ ነው፤ ካልተዘጋ እርጥብ ነው። የሠራችው እጅ ማለዳ ወደ ክፍሉ ገብታ፣ የሠራችውን በዓይኗ ታያለች። በቀዶ ሕክምና ውስጥ ስሕተት እንዲህ ፈጥኖና ሳይሸፋፈን ወደ ሠሪው የሚመለስበት ሥራ ብዙ አይደለም። ወይዘሮ ማሚቱን ያስተማሯቸው ሃምሊኖች ብቻ አይደሉም፤ እርጥብ አንሶላዎችም ናቸው።

የተአምሩ ትረካ በኢትዮጵያ አንባቢ ዘንድም በቀላሉ ተቀባይነት ማግኘቱ የራሱ ምክንያት አለው። በዚህ አገር ብዕር የያዘና መዶሻ የያዘ እኩል ተከብረው አያውቁም። ቀጥቃጩ፣ ሸክላ ሠሪዋ፣ ሸማኔው፣ ፋቂው፣ ኅብረተሰቡ ያለ እነርሱ የማይኖር ሆኖ ሳለ፣ ለዘመናት በንቀትና በፍርሃት ስም ሲሰጣቸው ኖሯል። ሙያቸው ከአባት ወደ ልጅ፣ ከእናት ወደ ልጅ በማየት ብቻ ሲያልፍ ኖረ እንጂ ብራና ላይ አልሰፈረም። የቤተ ክህነቱ ትምህርት እንኳ የአብዛኛው መሠረት ቃልና ጆሮ፣ የመምህርና የደቀ መዝሙር አብሮ መቀመጥ ሆኖ ሳለ፣ ክብሩን ያገኘው ከመጽሐፍ ጋር በመያያዙ ነው። «ሙያ በልብ ነው» የሚለው አባባል ባለሙያ እንዳይመጻደቅ ይመክራል፤ መልካም ምክር ነው። ነገር ግን ሙያ በልብ ብቻ ሲቀር ባለሙያው ሲያርፍ አብሮ ይቀበራል። ከዚህ አመለካከት የተነሣ ማንበብ ሳትማር የምትቀድ ሴት ለብዙዎች ልዩ ጸጋ ሆና ትታያለች፤ በእርግጥ ግን በሺህ የሚቆጠሩ የዚህ አገር ባለ እጆች የተማሩበትን መንገድ ነው የተማረችው።

ይህን ማለት በማየት የሚተላለፍ ሙያ ሁሉ መልካም ነው ማለት አይደለም። ለዚህ ከወጌሻው የተሻለ ምሳሌ የለም። የወጌሻም ሙያ እንዲሁ በማየትና በመንካት ይተላለፋል፤ ብዙ አጥንትም ጠግኗል። ይሁን እንጂ አጥብቆ የታሰረ ስብራት ደም እያጠረው ወደ ጋንግሪን ተለውጦ፣ እጅና እግር የሚቆረጥባቸው ሕፃናት በየሆስፒታሉ መምጣታቸው ለጤና ባለሙያ እንግዳ ወሬ አይደለም። ልዩነቱ የት ላይ ነው? ወጌሻው ከፊስቱላ ሆስፒታሏ ረዳት ያነሰ ልብ ወይም ያነሰ እጅ ያለው አይደለም። ልዩነቱ እግሩ የሚቆረጠው በሌላ ከተማ፣ በሌላ ሰው እጅ፣ ወጌሻው በሌለበት መሆኑ ነው። የዳኑት ተመልሰው ያመሰግኑታል፤ የተጎዱት ሌላ ቦታ ይሄዳሉ። እርጥቡን አንሶላ አያይም። ስለዚህም እጁ በዘመኑ ሁሉ ሲሠራ ቢኖር እንኳ በዚያ ስሕተት ላይ ምንም አይማርም።

ሞዛምቢክ በ1984 ሐኪም ያልሆኑ የቀዶ ሕክምና ቴክኒሺያኖችን በመደበኛ ትምህርት ማሠልጠን ስትጀምር፣ በአዲስ አበባ በአንዲት ሴት የታየውን ነገር ሥርዓት አድርጋ በአዋጅና በዲፕሎማ ሠራችው ማለት ይቻላል። በኢትዮጵያም ከ2009 ወዲህ ጤና መኮንኖችን በድንገተኛ ቀዶ ሕክምናና በማዋለድ የማሠልጠኑ መርሐ ግብር በተመሳሳይ አሳብ ላይ የቆመ ነው። የዓለም የማህፀንና ጽንስ ሐኪሞች ፌዴሬሽን ከአጋሮቹ ጋር በ2011 ያወጣው የፊስቱላ ቀዶ ሕክምና ማሠልጠኛ መመሪያ ደግሞ ችሎታን በሦስት ደረጃ ከፍሎ፣ ሠልጣኙ ምን ማድረግ መቻል እንዳለበት ይዘረዝራል። መመሪያው ጠቃሚ ነው፤ ከእርሱ በፊት በ2005 የወጣው የብራያን ሃንኮክ ትንሽ መጽሐፍም እንዲሁ፤ ምናልባትም በግልጽነቱ ይበልጣል። ነገር ግን መመሪያ ደረጃን ሊመዝን ይችላል እንጂ ሕመምተኛ ሊያመጣ አይችልም። አሁን የሚያሳስበውም ይኸው ነው።

ዶክተር ሬጂናልድ በ1993፣ ዶክተር ካትሪን በመጋቢት 2020 አርፈዋል። እርሳቸው ባረፉበት ጊዜ ሆስፒታሉና ከባሕር ዳር እስከ መቱ የተዘረጉት ቅርንጫፎቹ ከ60,000 በላይ ሴቶችን አክመዋል። በ2007 የተከፈተው የአዋላጅ ነርሶች ኮሌጅ ሃምሊኖች በ1959 የመጡበትን ሥራ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በኋላ ከፍጻሜ አደረሰው። የአዋላጆች መብዛት፣ የጤና ኬላና የጤና ጣቢያ መስፋፋት ሥራውን እየሠራ ነው፤ በምጥ የሚመጣ ፊስቱላ ቀድሞ ከነበረው ቀንሷል። ይህ ደስ የሚያሰኝ ነው። በኒውዮርክም የሆነው ይኸው ነበር። ጉዳቱ ሲቀንስ ሠልጣኙ በወር የሚያየው ቁጥር ይቀንሳል፤ የሚቀሩትም ቀላሎቹ ሳይሆኑ በጠባሳ የተሞሉት፣ ቀድሞ ተሞክረው የከሸፉት ይሆናሉ። በሌላ አነጋገር፣ ለጀማሪ እጅ የሚሆነው ሲጠፋ ለአንጋፋ እጅ የሚሆነው ብቻ ይቀራል። አንጋፋዎቹ እጆች ደግሞ እያረጁ ነው። ረዳቶቹ ስለ ካቴተር፣ ስለ ውኃ፣ ስለ ጥም፣ ስለ አልጋ የሚያውቁትን በራሳቸው ቋንቋ፣ በራሳቸው አነጋገር ለመመዝገብ የዘገየ ቢሆንም ጊዜው አላለፈም። እስካሁን የተጻፈው ስለ እነርሱ ነው፤ ከእነርሱ የተጻፈው እጅግ ጥቂት ነው።

ከዚህም ሌላ የበሽታው መልክ ራሱ እየተለወጠ ነው። በምጥ ግፊት ሳይሆን በቀዶ ሕክምና ወቅት በሚደርስ ጉዳት፣ በተለይ በቀዶ ሕክምና ሲዋለድና ማህፀን ሲወጣ የሚመጣ ፊስቱላ ድርሻው እየጨመረ መሆኑ በኢትዮጵያም በሌሎች የአፍሪካ አገሮችም ተስተውሏል። እነዚህ ጉዳቶች ወደ ላይ የራቁ ናቸው፤ አንዳንዴም የኩላሊት ቱቦን ይነካሉ፤ ሆድ ተከፍቶ የሚሠራ ሌላ ችሎታ ይጠይቃሉ። ከታች፣ በብልት በኩል መሥራት የለመደ እጅ እንደ አዲስ መማር ይኖርበታል። የችግሩም ምንጭ የችሎታ ሽግግር ነው። በቀዶ ሕክምና የማዋለድ ችሎታ ብዙ እናቶችንና ሕፃናትን ያዳነ ሲሆን፣ በፍጥነት ወደ ብዙ እጅ ደርሷል፤ መድረሱም ተገቢ ነበር። የደረሰው ግን እርጥቡን አንሶላ ሳያስከትል ነው። በወረዳ ሆስፒታል በሌሊት ያዋለደው ባለሙያ ታካሚዋን በአምስተኛው ቀን ያሰናብታል፤ ሽንቷ መፍሰስ የሚጀምረው ከዚያ በኋላ፣ ቤቷ ከገባች ወዲህ ሊሆን ይችላል። ከዚያም ወደ ሌላ ሆስፒታል፣ ከዚያም ወደ ፊስቱላ ማዕከሉ ትላካለች። ፊኛውን ከማህፀኑ ሳይገፋ እንደቆረጠ ወይም ሲሰፋ አብሮ እንደያዘው የሚነግረው የለም። ከወጌሻው የሚለየው የምስክር ወረቀቱ ብቻ ሊሆን ነው። የሪፈር ወረቀቱ የታችኛው ክፍል፣ ለግብረ መልስ የተተወው ባዶ ቦታ፣ ለዚህ የተሠራ ነበር። በፊስቱላ ማዕከሉ ያለው ሐኪም ጉዳቱ የት ላይ እንደሆነ፣ እንዴት እንደመጣ የሚገመት መሆኑንና ምን እንደተደረገ በዚያ ቦታ ላይ በአራት መስመር ጽፎ፣ መጀመሪያ ወደ ቀደደው ሆስፒታል ቢልከው የሚወስድበት ጊዜ ከአምስት ደቂቃ አይበልጥም። አሁን ባለው አሠራር ብዙውን ጊዜ ቦታው ባዶውን ይቀራል፤ ወረቀቱም በታካሚዋ ካርድ ውስጥ ታጥፎ ይቀመጣል።